የሩቅ ባልደረባ ዝምታ ምን ይላል?



የዛሬው ጽሑፌ ስለ ሥራ ነው። ነገር ግን በአንድ ቢሮ ግድግዳ ውስጥ ስለሚሠራው ሳይሆን፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ደሴ፣ ሦስተኛው ጅዳ ተቀምጠው በኢንተርኔት በጋራ ስለሚሠሩት ሥራ ነው። ርዕሱን ያነሣሁት በዕውቀቴ ተመክቼ አይደለም፤ ራሴ ከፈጸምኩት ስሕተት ተነሥቼ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰነዶችን ወደ አማርኛ የሚመልስ፣ ስድስት ሰዎች ያሉበት አነስተኛ ቡድን እመራ ነበር። ሦስቱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ደሴ፣ አንዱ ጅዳ፣ አንዱ ደግሞ አሜሪካ ሚኒያፖሊስ ነበሩ። ስድስቱ በአንድ ክፍል ተሰብስበው አያውቁም፤ የሚገናኙት በቴሌግራም ነበር። አንድ ሳምንት ደሴ ያለችው እህታችን በድንገት ጠፋች። ሥራ የምታስረክብበት ቀን አለፈ። ለእሷ ለብቻዋ መልእክት ብልክ መልስ የለም፤ ብደውል ስልኳ አይሠራም። የመጀመሪያውን ቀን ታገሥኩ። በሁለተኛው ቀን ተናደድኩ። በሦስተኛው ቀን፣ ዕለቱ ዓርብ ነበር፣ ሁሉም በሚያነቡት የቡድኑ ገጽ ላይ «ሥራውን የማትፈልጊው ከሆነ ቁርጡን ንገሪንና ሌላ ሰው እንፈልግ» ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ መልሷ መጣ። «ይቅርታ ጋሼ፤ አባቴ በድንገት ታመው ወደ ገጠር ሄጄ ነበር። እዚያ ኔትዎርክ የለም። ትናንት ወደ አኼራ ሄዱ፤ ቀበርናቸው። የቀረኝን ሥራ ዛሬ ማታ እጨርሳለሁ» ይላል።

ይህን ሳነብ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የባሰው ግን ቀጥሎ መጣ። ጅዳ ያለው ወንድማችን «በሄደችበት ሌሊት ለእኔ ነግራኝ ነበር'ኮ፤ እርስዎም የሚያውቁ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት» አለኝ። ዓርብ የጻፍኩትንም አላየውም ነበር፤ ለእሱ ዓርብ የዕረፍት ቀን ነው። እንግዲህ ወሬው በቡድናችን ውስጥ ነበረ፤ ሊያውቀው የሚገባው ሰው ዘንድ ግን አልደረሰም። ሁላችንም አንድ ቢሮ ውስጥ ብንሆን ኖሮ ባዶ ወንበሯን ያየ ሰው «እገሊት ምን ሆነች?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ የሰማውም ይመልስ ነበር። በሩቅ ሥራ ግን ባዶ ወንበር የለም። ያለው ዝምታ ብቻ ነው።

ዝምታን ማን ይተርጉመው?

ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ ማንበብ ጀመርኩ፤ የገጠመኝ የእኔ ብቻ እንዳልሆነም ተረዳሁ። ካትሪን ክራምተን የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመችው ጥናት፣ አባሎቻቸው በተለያየ ሥፍራ ሆነው በጋራ የሠሩ 13 ቡድኖችን መርምራለች። ቡድኖቹን ያጋጠሟቸውን ችግሮች በአምስት ከፈለቻቸው። እነሱም የባልደረባን አካባቢና ሁኔታ አለማወቅ ወይም ማስታወስ አለመቻል፣ መረጃ ለአንዱ ደርሶ ለሌላው አለመድረስ፣ ከመልእክቱ ውስጥ ዋናው ነገር የቱ እንደሆነ አለመግባባት፣ የአንዱ መልስ ሲፈጥን የሌላው መዘግየት፣ በመጨረሻም ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ መቸገር ናቸው።

አምስተኛውን ቆም ብለን እናስተውለው። ዝምታ «እስማማለሁ» ማለት ሊሆን ይችላል። «አልስማማም፤ ግን መናገር አፈርኩ» ማለትም ሊሆን ይችላል። «መልእክቱ አልደረሰኝም»፣ «መብራት የለም»፣ «ታምሜያለሁ» ማለትም ሊሆን ይችላል። ርቆ ያለ ሰው ግን ከእነዚህ ውስጥ መርጦ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ መጥፎውን ነው። ጥናቱ እንዳመለከተው የሩቅ ባልደረባ ሲያጠፋ ወይም ሲዘገይ ጥፋቱን በሁኔታው ሳይሆን በሰውየው ጠባይ ላይ ማላከክ ይቀናናል። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ደሴ ውስጥ ምን እንዳለ አላየሁም፤ ያላየሁትን ባዶ ቦታ በጥርጣሬዬ ሞላሁት።

ነገሩ ከየት ተነሣ?

ከቤት ሆኖ መሥራት በኮሮና ዘመን የተፈጠረ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ሐሳቡ ግን ከዚያ ቀድሞ የነበረ ነው። ጃክ ኒልስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1973 በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ሠራተኛው ወደ ሥራው ከሚጓዝ ሥራው ወደ ሠራተኛው ቢጓዝስ የሚለውን ሐሳብ ማጥናት ጀመረ። ጊዜው የነዳጅ ዋጋ ዓለምን ያስጨነቀበት ነበር። ከዚያ በኋላ አሠራሩ ሲስፋፋና ሲቀለበስ ኖሯል። ለምሳሌ ያሁ እ.ኤ.አ. በ2013፣ አይቢኤም ደግሞ በ2017 ከቤታቸው ይሠሩ የነበሩ ሠራተኞቻቸውን ወደ ቢሮ ጠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ መጣና የዓለም ቢሮዎች በሳምንታት ውስጥ ተዘጉ። በአገራችንም በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች ቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ መደረጉ ይታወሳል።

ታዲያ ሠራተኛ ከዓይን ሲርቅ ሥራ ይበላሻል ወይስ ይሻሻላል? ኒኮላስ ብሉም የተባለ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር በቻይና ሲትሪፕ በተሰኘ የጉዞ ድርጅት ያካሄደው ሙከራ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። የስልክ አገልግሎት ሠራተኞች ከሆኑት ፈቃደኞች መካከል በዕጣ መሰል መንገድ ግማሽ ያህሉ ለ9 ወራት ከሳምንቱ 5 የሥራ ቀናት 4ቱን ከቤታቸው ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ውጤት መሠረት ሥራቸው በ13 በመቶ ጨመረ፤ ሥራ የሚለቁትም በግማሽ ቀነሱ።

ይህ መልካሙ ዜና ነው። ሌላም ገጽታ አለው። ከቤት የሠሩት ሰዎች ከሥራቸው ውጤት ጋር ሲነጻጸር ዕድገት የማግኘት ዕድላቸው ቀንሶ ተገኝቷል። «ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል» እንዲሉ ነው። ሙከራው ካበቃ በኋላ ምርጫው ለሠራተኞቹ ሲተው ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የቀድሞ ምርጫቸውን ቀየሩ። ቤት ሆነው ከሠሩት መካከል ወደ ቢሮ የተመለሱት በዋናነት ያነሡት ምክንያት ብቸኝነት ነበር።

ይኸው ድርጅት ከዓመታት በኋላ 1,612 ሠራተኞችን ያካተተ ሌላ ሙከራ አድርጓል። በዚህኛው አንዱ ወገን በሳምንት 2 ቀን ብቻ ከቤቱ ሲሠራ ሌላው ሙሉውን ጊዜ ቢሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ውጤት እንደሚለው በሥራ ጥራትም ሆነ በዕድገት በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። ሥራ የሚለቁት ግን በሦስተኛ ያህል ቀነሱ። የሚገርመው የአለቆቹ ነገር ነው። ከሙከራው በፊት አሠራሩ ሥራውን ይጎዳል የሚል ግምት የነበራቸው አለቆች ካዩት በኋላ አስተያየታቸውን ለውጠዋል።

በሌላ በኩል በማይክሮሶፍት ድርጅት በ61,182 ሠራተኞች ላይ የተካሄደ ጥናት፣ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ወራት ሁሉም ከቤት ሲሠሩ ሰዎች ከቅርብ ባልደረቦቻቸው ጋር ይበልጥ እንደተጣበቁና ከሌሎች ክፍሎች ጋር የነበራቸው ግንኙነት እንደላላ አሳይቷል። እንግዲህ የሩቅ ሥራ ጀነትም አይደለም፤ ጥፋትም አይደለም። መሪው እንደያዘው ነው።

የጥርጣሬ በሽታ

እ.ኤ.አ. በ2022 ማይክሮሶፍት በ11 አገሮች 20,000 ሰዎችን ጠይቆ ባወጣው መግለጫ፣ ከሠራተኞቹ 87 በመቶ የሚሆኑት «ሥራችንን በሚገባ እንሠራለን» ብለዋል። ከመሪዎቹ 85 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ በአዲሱ አሠራር ሠራተኛው መሥራቱን ማመን እንዳስቸገራቸው ተናግረዋል። አንድ ሥራ፣ ሁለት ዓለም!

ይህ ጥርጣሬ አንዳንድ ቀጣሪዎችን ወደ ስለላ ወስዷቸዋል። ሠራተኛው የኮምፒዩተሩን ቁልፎች ስንት ጊዜ እንደነካ የሚቆጥሩ፣ የሚሠራበትን ገጽ በየጊዜው ፎቶ የሚያነሡ ፕሮግራሞች ይሸጣሉ። ታዲያ ሰው ጣቱ ሲቆጠር ጣቱን ያንቀሳቅሳል እንጂ ሥራውን ያሻሽላል ማለት አይደለም። የኮምፒዩተሩን ማውዝ ብቻውን የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ ገበያ ላይ የዋለውም ለዚህ ነው። አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ የሚያስብ ተርጓሚ በዚያ ቆጠራ ሰነፍ ነው፤ ያላሰበበትን የሚጽፈው ደግሞ ታታሪ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ሥራ አማና ነው። አማና ግን ከሁለት ወገን ነው፤ የሚቀበለው ሰው እንዲጠብቀው፣ የሚሰጠውም ሰው በግልጽ ለይቶ እንዲሰጠው ይጠይቃል። ምን እንደሚፈለግና መቼ እንደሚፈለግ በግልጽ ያልተነገረውን ሰው «አማናህን አልጠበቅክም» ማለት ግፍ ነው።

መሪው ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ይጻፍ። ቢሮ ውስጥ ብዙው ዕውቀት በሰው አፍ ይኖራል፤ በሩቅ ሥራ ግን ያልተጻፈ ነገር እንደሌለ ይቆጠራል። ጊትላብ የተባለውን የሶፍትዌር ድርጅት ብንወስድ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ዩክሬን ውስጥ በአንድ ወጣት የተጀመረ ሥራ ነው። ሠራተኞቹ በበርካታ አገሮች ተበትነው ከየቤታቸው ይሠራሉ። እንዲህም ሆኖ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 አክሲዮኑን በአሜሪካ ናዝዳክ ገበያ ለሽያጭ አቅርቧል። የአሠራሩ ምሰሶ ማንም ሊያነበው የሚችል የጽሑፍ መመሪያው ነው። ፈቃድ እንዴት ይጠየቃል? ውሳኔ ማን ይሰጣል? ስብሰባ እንዴት ይካሄዳል? ሁሉም ተጽፏል። የእኔ ቡድን «ድንገተኛ ነገር ሲገጥም ለማን ይነገራል?» የሚል አንዲት መስመር ጽፎ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ አይደርስም ነበር።

ሁለተኛ፣ ሰዓትና ቀን ይለይ። ይህ በተለይ እኛን ይመለከታል። የአዲስ አበባና የጅዳ ሰዓት አንድ ነው፤ አቆጣጠራችን ግን ይለያያል። ለእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት የሆነው ለጅዳው 3 ሰዓት ነው። «በ3 ሰዓት እንገናኝ» ብሎ መጻፍ ለአንዱ ጠዋት፣ ለሌላው ከሰዓት በኋላ ማለት ነው። ሚኒያፖሊስ ደግሞ ከእኛ በክረምታቸው 9፣ በበጋቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ እነሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ እኛ ሳንንቀሳቀስ ልዩነቱ ይንቀሳቀሳል። የዕረፍት ቀንም እንዲሁ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓርብና ቅዳሜ ታርፋለች፤ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከ2022 ወዲህ ዓርብ ግማሽ ቀን ሠርተው ቅዳሜና እሁድን ያርፋሉ። የጁምዓ ሶላት ሰዓትም በየአገሩ በተለያየ ጊዜ ይገባል። ስለዚህ ቀጠሮ ሲያዝ የከተማው ስም፣ የአቆጣጠሩ ዓይነትና ቀኑ አብሮ ይጻፍ። ስብሰባ አንዱን ወገን ሁልጊዜ እኩለ ሌሊት የሚቀሰቅስ ከሆነም ሸክሙ በተራ ይዙር።

ሦስተኛ፣ ተግሣጽ በግል፣ ምስጋና በይፋ ይሁን። በቢሮ ውስጥ የተነገረ ቁጣ ከፊት ገጽታና ከድምፅ ጋር ይሰማል፤ ከሰዓት በኋላ በሻይ ሊታረቁት ይቻላል። በጽሑፍ የተነገረው ግን ቃሉ ብቻውን ይቀራል፤ ሰውየውም ማታ ቤቱ ሆኖ ደጋግሞ ያነበዋል። ስለ ስሕተት አያያዝ ከዚያው ከጊትላብ አንድ ነገር እንማር። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 አንድ ሠራተኛቸው ሌሊት ችግር ለማስተካከል ሲታገል በስሕተት ዋናውን የመረጃ ቋት ደመሰሰ። መጠባበቂያ ይሆናሉ የተባሉት ዘዴዎች ሲፈተሹ እንደታሰበው አልሠሩም። በአጋጣሚ ከ6 ሰዓት ያህል በፊት የተወሰደ ቅጂ በመገኘቱ ከዚያ ወዲህ የገባው መረጃ ብቻ ጠፋ። ድርጅቱ የማዳኑን ሥራ በቀጥታ ስርጭት ለሕዝብ አሳየ፤ በኋላም ዝርዝር ሪፖርት አወጣ። በሪፖርቱ ውስጥ የሠራተኛው ስም አልተጠቀሰም። የተጠየቀው «ማን አጠፋ?» ሳይሆን «መጠባበቂያው ለምን አልሠራም?» የሚለው ነበር። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ የሚባለው ይህ ነው።

አራተኛ፣ የሩቁ ሰው እንዳይረሳ። ዕድገትና የተሻለ ሥራ ሲመደብ አለቃው በየቀኑ የሚያየውን ሰው ያስታውሳል። ስለዚህ ውሳኔው በትዝታ ሳይሆን በተጻፈ የሥራ መዝገብ ይሁን። ግማሹ ሰው ቢሮ፣ ግማሹ ከቤት በሆነበት ስብሰባ ደግሞ የሩቆቹ ቅድሚያ ይናገሩ፤ አለዚያ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ይጨዋወታሉ፣ የሩቆቹ ተመልካች ሆነው ይቀራሉ።

አምስተኛ፣ ሰውየው ይጠየቅ። በሳምንት አንድ ጊዜ ከእያንዳንዱ ባልደረባ ጋር ለ20 ደቂቃ ያህል በስልክ መነጋገር ብዙ ወጪ የለውም። ጥያቄውም «ሥራው የት ደረሰ?» ብቻ ሳይሆን «ቤት እንዴት ነው? ምን እንቅፋት አለ?» የሚል ይሁን። ቢቻል ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ በአካል መገናኘት መልካም ነው። አንድ ማዕድ የተቋደሱ ሰዎች አንዱ የሌላውን አጭር መልእክት በቅንነት ያነቡታል።

ስድስተኛ፣ ወጪው ይታሰብ። ቢሮ ሲዘጋ ኪራዩ፣ መብራቱና ኢንተርኔቱ አልጠፉም፤ ወደ ሠራተኛው ቤት ተዛወሩ እንጂ። በአገራችን መብራት ይቋረጣል፤ ኔትዎርክ ይጠፋል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ የተቋረጠው ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ እንደነበር አንዘነጋውም። በዚያ ወቅት ውጭ አገር ላለ ቀጣሪ ይሠራ የነበረ ሰው «ለምን ጠፋህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መላኪያ መንገድ እንኳ አልነበረውም። ስለዚህ መሪው የዳታ ወጪውን ይጋራ፤ የሥራውን ቀነ ገደብ ሲያወጣም ለመቋረጥ የሚሆን ትርፍ ጊዜ ይተው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውስጥ ከቤት ሆኖ ለአሠሪ ስለሚሠራ ሥራ ውል የሚናገር ድንጋጌ መኖሩንም አሠሪም ሠራተኛም ቢያውቁት ይጠቅማል።

ሠራተኛውስ?

ሸክሙን ሁሉ በመሪው ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም። የሩቅ ሠራተኛም ግዴታ አለበት። ሥራው ሳይዘገይ በፊት «ሊዘገይብኝ ነው» ማለት፣ መልእክት ሲደርሰው ሙሉ መልስ ባይኖረው እንኳ «አይቼዋለሁ፤ ነገ እመልሳለሁ» ብሎ ማሳወቅ፣ የጨረሰውን ሥራ መዝግቦ ማሳየት የእሱ ድርሻ ነው። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል፤ የሠራውን የማይናገር የሩቅ ሰው ደመወዙም ዕድገቱም ሊቀርበት ይችላል። የሥራ ሰዓቱና የቤተሰቡ ሰዓት እንዳይደባለቁም ድንበር ያብጅ። ከቤት የሚሠራ አባት ቀኑን ሙሉ ቤት ውሎ ከልጆቹ ጋር አንድ ጊዜ እንኳ ሳይነጋገር ሊመሽበት ይችላል።

ወደፊትስ? የሚመጣውን ሁሉ የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው። ነገር ግን የታየው ልምድ ወደ መካከለኛው መንገድ ያዘነብላል። ሥራው በአካል መገናኘትን ሲጠይቅ መገናኘት፣ ጸጥታን ሲጠይቅ በቤት መሥራት ነው። አዲስ አበባም ሆነ ደሴ ላለው ወጣት ይህ ትልቅ በር ነው፤ ከሰፈሩ ሳይሰደድ ከሩቅ አገር እንጀራ ሊያገኝ ይችላል። በሩ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ግን መተማመን ያስፈልጋል።

ወደ ጀመርኩት ልመለስ። ለእህታችን ለብቻዋ ደውዬ «አላህ ይዘንላቸው፤ ለአንቺም ሶብሩን ይስጥሽ» አልኳት፤ ይቅርታም ጠየቅኳት። እሷም «አውፍ ብያለሁ ጋሼ» አለችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ እንዳላለቀ ገባኝ። ሐሜቱን የጻፍኩት በአደባባይ ነበር፤ ይቅርታውን ግን የጠየቅኩት በጓዳ ነው። ስለዚህ በዚያው ሁሉም በሚያነቡት ገጽ ላይ ምን እንደሆነ፣ ምን እንዳጠፋሁ ጻፍኩ። የቀራትን ሥራ አራታችን ተካፍለን ጨረስነው፤ ክፍያው ሙሉ በሙሉ ለእሷ ሆነ። በዚያው ሳምንት ለቡድናችን የመጀመሪያዋን የጽሑፍ ደንብ አወጣን። አንድ መስመር ብቻ ናት። «ባልደረባህ ዝም ሲል ከመናገርህ በፊት ጠይቅ፤ እሱን ካላገኘህ ሌሎቹን ጠይቅ።»

እናንተም የምትመሩት ሰው ካለ፣ ዛሬ ዝም ያለባችሁ ማን እንደሆነ አስቡ። ከዚያም ደውሉለት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።